«ጨዋ ልጅ» ወይስ «የጨዋ ልጅ»? የዲክንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ስለ ምን እንደሆነ

የቻርልስ ዲክንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ያነበበ ወይም ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው፣ እስቲ ታሪኩን ንገረን ሲባል ብዙ ጊዜ ባጭሩ ይጨርሰዋል። ፒፕ የሚባል ድሃ ልጅ ነበረ፤ ከየት እንደመጣ የማያውቀው ሀብት ወረደለት፤ ሀብቱ አበላሸውና በኋላ ተጸጸተ። ውሸት የለበትም። ግን እንዲህ ሲነገር ድሃው ሁሉ ደግ፣ ባለገንዘቡ ሁሉ ክፉ የሆነበት ተረት ይመስላል። መጽሐፉ ውስጥ ኦርሊክ የሚባል ቅጥር ሠራተኛ አለ፤ ሳንቲም የለውም፤ በክፋት ግን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ያለውም በአንድ ቃል ላይ ነው። እንግሊዞች «ጄንትልማን» ይሉታል። ልብ ወለዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይህ ስም የሚገባው ማን ነው ብሎ ይከራከራል። ቃሉን ወደ አማርኛ ስናመጣ ከ«ጨዋ» የሚሻል አናገኝለትም፤ ደግሞ የሚገርመው የእኛም ቃል ያው ጠብ ውስጡ አለበት።

ርእሱ «ተስፋ» ማለት ነው?

ቃል በቃል ከተረጎምነው «ታላላቅ ተስፋዎች» ይሆናል። በዲክንስ ዘመን ግን «ኤክስፔክቴሽንስ» የሚለው ቃል ደረቅ የገንዘብ ትርጉምም ነበረው። «ያ ጎረምሳ ኤክስፔክቴሽንስ አለው» ከተባለ፣ አንድ ቀን እጁ የሚገባ ውርስ አለ ማለት ነው። ጃገርስ የተባለው የለንደን ጠበቃ መንደር ድረስ መጥቶ ለልጁ ይህን ሲያበስረው ሕልምህ ትልቅ ነው እያለው አይደለም፤ የምትወርሰው ብዙ ነው እያለው ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ተስፋ ያለው ሰው ይጥራል፤ ውርስ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጁም ለንደን ገብቶ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ልብስ ያሰፋል፣ ይጋብዛል፣ ይበደራል፤ ዕዳው ሲበዛ ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ላይ በሥርዓት ይጽፍና የከፈለ ያህል ቀሎት ይተኛል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዴት ነው?

ልብ ወለዱ የታተመው ዲክንስ ራሱ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861። ታሪኩ የሚፈጸመው ግን ከዚያ በፊት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት፣ ኬንት በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ረግረጋማ ዳርቻ ላይ ነው።

ፒፕ እናትና አባቱ የሞቱበት ልጅ ነው። የምታሳድገው እጇ የማያርፍ፣ ቁጡ ታላቅ እህቱ ናት፤ ባሏ ጆ ጋርጀሪ ብረት ቀጥቃጭ ነው። በገና ዋዜማ ፒፕ መቃብር ቦታ ላይ ሳለ እግር ብረት የታሰረ ሰው ያንቀዋል። ማግዊች ይባላል፤ ያመለጠው ከመርከብ እስር ቤት ነው። ያኔ ያረጁ መርከቦችን ምሰሷቸውን ነቅለው ውኃ ላይ እንደ ወህኒ ይጠቀሙባቸው ነበር፤ አሠራሩ የቆየው ከ1776 እስከ 1857 ነው። ልጁ ፈርቶ ከቤት ምግብና ሞረድ ሰርቆ ያመጣለታል።

ቆይቶ ሚስ ሃቪሻም የተባለች ሀብታም እመቤት ለጨዋታ ታስጠራዋለች። በሠርጓ ቀን ሙሽራው ከድቷት፣ ቤቷ ያለውን ሰዓት ሁሉ፣ በእንግሊዞች አቆጣጠር፣ ዘጠኝ ሊሆን ሃያ ጉዳይ ላይ አቁማ፣ የሠርግ ልብሷን ሳታወልቅ የምትኖር ሴት ናት። ወንዶችን እንድትበቀልላት የምታሳድጋት ቆንጆ ልጅ አለች፤ ኢስቴላ። ፒፕ ይወዳታል። ከዓመታት በኋላ ስሙ ያልተገለጠ ሰው ፒፕን ጨዋ ሰው ለማድረግ ገንዘብ መመደቡ ይነገረዋል። እሱም ሚስ ሃቪሻም ናት ብሎ ያምናል፤ ለኢስቴላ እያዘጋጀችኝ ነው ይላል። አልነበረችም። ገንዘቡ የማግዊች ነው።

«ጄንትልማን» ያኔ ምን ማለት ነበር?

ቃሉ ሦስት ነገር ተሸክሟል። አንደኛው ዘር ነው፣ ከማን ተወለድክ። ሁለተኛው አኗኗር ነው፤ በእጅህ ሳትሠራ የምትኖርበት ገቢ አለህ ወይ፣ አነጋገርህና አበላልህ ያንን ያሳያል ወይ። ሦስተኛው ጠባይ ነው፤ ታማኝ ነህ፣ ደካማውን ታከብራለህ? ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ጥያቄ አይነሣም። ችግር የሚመጣው ሲለያዩ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ በዚያ ዘመን ፋብሪካውና ንግዱ አዲስ ባለገንዘብ ይፈለፍል ስለነበር በየቦታው ይለያዩ ነበር።

አማርኛችን ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ይይዘዋል። «የጨዋ ልጅ» ስንል ዘሩን ነው፤ «ጨዋ ልጅ» ስንል ጠባዩን። (በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ክህነት የሌለው ማለትም ነው፤ እሱን እዚህ እንተወው።) የፒፕ ስሕተት ባጭሩ ሲነገር ይህችን «የ» በገንዘብ ገዝቶ ዋናውን ማጣቱ ነው።

ዲክንስ ግን መልሱን ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አስቀምጦታል። ማግዊች ተይዞ ሲወሰድ፣ ልጁ እንዳይጠረጠር ብሎ ምግቡን ከቀጥቃጩ ቤት የሰረቅሁት እኔ ነኝ ብሎ በወታደሮቹ ፊት ይናገራል። ጆ ደግሞ እንኳን በላኸው ይለዋል፤ ጥፋትህ ምንም ይሁን ምን እንደኛው ሰው ሆነህ ሳለ በረሃብ እንድትሞት አንወድም ይለዋል። አንዱ ወንጀለኛ ነው፣ ሌላው ፊደል በቅጡ ያልለየ ቀጥቃጭ። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የጨዋ ንግግር ብዙ አናገኝም።

ፒፕ ያፈረው በምንድን ነው?

እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ አንድ ነገር ቢጠነቀቅ ጥሩ ነው። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ለዚህ ነው። በእንግሊዝ ገጠር ግን ቀጥቃጭ እንዲህ ያለ ስም አልነበረበትም። ያለሱ ፈረስ አይጫማም፣ ማረሻ አይጠገንም፤ ጆ በመንደሩ የተከበረ ሰው ነው። ፒፕም እስከዚያች ቀን ድረስ ጎልምሶ ከጆ ጋር ወናፍና መዶሻ መያዝን እንደ ትልቅ ማዕረግ ነበር የሚያየው።

ያቺ ቀን ኢስቴላ ጋር ካርታ የተጫወተባት ናት። ከካርታዎቹ አንዷን «ጃክ» ብሎ ጠራት፤ ላይኞቹ ሰዎች ግን «ኔቭ» ነበር የሚሏት። ልጅቷ ሳቀችበት። ቀጥላ የእጁን ሻካራነት፣ የጫማውን ወፍራምነት ተናገረች። በቃ። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልዘረፈውም። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ያው እጅ፣ ያው ጫማ፣ ያው ጆ ተለውጠው ጠበቁት።

ጸጸትና ሐፍረት መንታ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጸጸት ስለሠራኸው ነገር ነው፤ ማንም ባያይህም ይቆረቁርሃል። ሐፍረት ስለታየኸው ነገር ነው፤ ምንም ሳታጠፋም ሊይዝህ ይችላል። ፒፕ በልጅነቱ ምግብ ሰርቆ ሲሠቃይ የነበረው በጸጸት ነው። ከኢስቴላ በኋላ ሐፍረቱ እያደገ ጸጸቱን ይውጠዋል። ጆን ማስቀየሙ ያሳስበዋል፤ ከጆ ጋር መታየቱ ግን ይበልጥ ያሳስበዋል።

ጆ ለንደን የመጣ ዕለት ለምን ይህን ያህል ከባድ ሆነ?

በእኔ ንባብ የልብ ወለዱ ከባዱ ገጽ ይህ ነው። የሞተ ሰው፣ እሳት የተያያዘባት ሴት፣ የሰመጠ ጀልባ ያለበት መጽሐፍ ነው፤ ግን ከሁሉም የሚብሰው አንድ ቁርስ ነው።

ጆ ሊጠይቀው እየመጣ መሆኑን ፒፕ በደብዳቤ ሲሰማ ገንዘብ ከፍሎ ማስቀረት ቢቻል እከፍል ነበር ብሎ ራሱ ይነግረናል። ጆ የክት ልብሱን ለብሶ መጣ። በር ላይ እግሩን ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። ባርኔጣውን የት እንደሚያደርግ ጠፋው፤ የምድጃው መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው ይወድቃል፣ ይቀልባል፣ ይወድቃል። ያሳደገውን ልጅ አንዴ «ፒፕ»፣ አንዴ «ጌታዬ» ይለዋል። ፒፕ ተናደደ። ጌታዬ መባሉ የራሱ ሥራ ውጤት መሆኑን ያስተዋለው ዘግይቶ ነው፤ እኔ ቀለል ብዬው ቢሆን እሱም ይቀልለው ነበር ይላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የፈራው ማንን እንደሆነ ነው። አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ኸርበርት ጆ ጋርጀሪን ቢያየው ግድ የለውም፤ ኸርበርትን ያከብረዋል። የፈራው ድራምል የሚባለውን ዱልዱም ባለጸጋ ነው፤ እሱን ደግሞ ከልቡ ይንቀዋል። ፒፕ ሲያረጅ የሚደርስበት ነገር ይህ ነው፦ ሰው የባሰውን ውርደት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ለሚንቃቸው ሰዎች ብሎ ነው። ይሉኝታ የምንለውን ነገር እንዲህ አገላብጦ ያየ ደራሲ ብዙ አላውቅም። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ነው፤ ዲክንስ ደግሞ «የትኛው ሰው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጆ ግን ሲወጣ ይስተካከላል። ሕይወት በየቦታው በመለያየት የተበየደች ናት ይለዋል፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ወርቅ፣ አንዱ መዳብ ይቀጠቅጣል፤ እኔ በዚህ ልብስ ትክክል አይደለሁም፣ መዶሻዬን ይዤ በምድጃዬ አጠገብ ብታየኝ ግን እንከን አታገኝብኝም ይለዋል። ምሬት የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ፒፕ ነቅቶ ሲከተለው ጆ ሄዷል። በማግስቱ ፒፕ አገር ቤት ይሄዳል፤ ማረፊያውን ግን ጆ ቤት ሳይሆን እንግዳ ማረፊያ ያደርጋል፤ ምክንያትም አያጣለትም።

ታሪኩን የሚነግረን የትኛው ፒፕ ነው?

ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ጉዳይ ነው፤ የመጽሐፉ የሥነ ምግባር አሠራር ግን በሱ ላይ ያረፈ ነው። ተራኪው የጎለመሰው ፒፕ ነው፤ የሚተርከው የልጅነቱንና የጎረምሳነቱን። ስለዚህ በየገጹ ሁለት ሰው አለ፤ አንዱ ያጠፋል፣ አንዱ ያያል። በንስሐ አባቱ ፊት የተቀመጠ ሰውን አስቡ፤ የሚናገረው ያኔ የሆነውን ነው፣ ድምፁ ግን የዛሬው ነው። ዲክንስ ወጥቶ ይህ ልጅ አጠፋ ብሎ መስበክ አላስፈለገውም። ባለጉዳዩ ራሱ ይመሰክራል፤ ለራሱም አያዳላም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከሚገባው በላይ በራሱ ላይ ይጨክናል።

ፍርድ ቤቱ ማንን አመነ?

ማግዊች አብሮ ወንጀል የሠራው ኮምፔይሰን ከሚባል ሰው ጋር ነው፤ የተማረ፣ አነጋገሩ የጣፈጠ፣ ጄንትልማን መሳይ አጭበርባሪ። (ሚስ ሃቪሻምን የከዳት ሙሽራም እሱው ነው።) አብረው ተያዙ፤ ችሎት ቀረቡ። ማግዊች ሲያስታውስ፣ ጠጉሩን የከረደደ፣ ጥቁር ልብስና ነጭ መሐረብ የያዘ ሰው አጠገቤ ቆሞ እኔ ምን መስዬ እንደታየሁ ያኔውኑ ገባኝ ይላል። የኮምፔይሰን ጠበቃ ሁለቱን ተመልከቱ አለ፤ አንዱ ባለ አስተዳደግ፣ ሌላው ስድ። ፍርዱ ለኮምፔይሰን 7 ዓመት፣ ለማግዊች 14 ዓመት ሆነ። መሪው ግን ኮምፔይሰን ነበር።

የኸርበርት አባት ስለዚሁ ሰው የሚሉት አለ። ልቡ ጨዋ ያልሆነ ሰው በአኳኋን ጨዋ ሊሆን አይችልም፤ እንጨትን ቫርኒሽ ብትቀቡት የእንጨቱ መስመር አይጠፋም፣ ቫርኒሹ በበዛ ቁጥር መስመሩ ይበልጥ ይወጣል። የሚያሳዝነው ዳኞቹ የሚያዩት ቫርኒሹን መሆኑ ነው።

ገንዘቡ የወንጀለኛ መሆኑ ሲታወቅ ምን ሆነ?

ማግዊች ሌላ ፍርድ ተጨምሮበት ዕድሜ ልኩን ወደ አውስትራሊያ ተግዟል። ይህ ልብ ወለድ የፈጠረው ቅጣት አይደለም፤ ብሪታንያ ከ1788 እስከ 1868 ባለው ጊዜ ከ160,000 በላይ እስረኞችን ወደዚያ ልካለች። ማግዊች በዚያ በግ አርብቶ ከበረ፤ ያገኘውን ሁሉ ምግብ ላበላው ልጅ ላከ። ዕድሜ ልኩን የተጋዘ ሰው ከተመለሰ ስቅላት ይጠብቀዋል፤ እሱ ግን የሠራሁትን ጄንትልማን በዓይኔ ልይ ብሎ መጣ። ፒፕ ያኔ 23 ዓመቱ ነው።

የፒፕ የመጀመሪያ ስሜት ምስጋና አልነበረም፤ መጸየፍ ነው። ሰውየው እጁን ሲይዘው ይሸሻል፣ አበላሉ ያስጠላዋል። ቀስ በቀስ ግን ከአገር ሊያስወጣው ሲደክም፣ ኋላም ቆስሎና ተይዞ ሲያይ፣ መጸየፉ ይለቀዋል። ችሎት ላይ 32 ሰዎች በአንድ ላይ የሞት ፍርድ ሲሰሙ ፒፕ የማግዊችን እጅ ይዞ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ እያየ። ጆን ለመደበቅ ገንዘብ ሊከፍል የነበረው ልጅ ነው ይህ።

ማግዊች ሳይሰቀል በሕመም ሞተ። ንብረቱ ለዘውዱ ገባ፤ ያኔ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ሀብት ይወረስ ነበር፣ ሕጉ የተሻረው በ1870 ነው። ፒፕ ይህን ለሟቹ አልነገረውም፤ ሀብትህ ልጄን ጨዋ አደረገው ብሎ እያመነ ይሙት አለ። ሌላ አንድ ነገር ነገረው፤ ጠፋች የምትላት ልጅህ በሕይወት አለች፣ እኔም እወዳታለሁ። ልጂቱ ኢስቴላ ናት። በእጁ ሻካራነት የሳቀችበት ልዕልት መሳይ ልጅ፣ የግዞተኛና የገረድ ልጅ ኖራለች።

ከዚያ ሁሉ ገንዘብ የተረፈ በጎ ነገር አንድ ነው። ፒፕ ለኸርበርት በድብቅ የንግድ ሽርክና ገዝቶለት ነበር። ኋላ እንጀራ ያበላው ያ ነው፤ ካይሮ ሄዶ በዚያው ድርጅት በጸሐፊነት ሠራ፣ በሥራውም ኖረ።

ጆ እንከን የለውም?

አለው። ሚስቱ ልጁን ስትደበድብ አያስጥለውም። ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ አባቱ እናቱን እየደበደበ አሳድጎታል፣ ስለዚህ ሴትን ከመበደል መበደልን መርጧል። ክቡር ምክንያት ነው፤ ዱላው ግን ያረፈው ልጁ ላይ ነው። ዲክንስ ይህን ጽፎ አልፎታል፣ ብዙ አልገፋበትም።

የጠበቃው የጃገርስ ጸሐፊ ዌሚክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ቢሮ ውስጥ አፉ እንደ ፖስታ ሣጥን የደረቀ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ደንቆሮ አባቱን የሚንከባከብ፣ በአነስተኛ ቤቱ ላይ የመሻገሪያ ድልድይና መድፍ የሠራ ሰው። ደግነቱን ጠብቆ ያቆየው ከሥራው ጋር ባለማገናኘት ነው። ለብዙ የቢሮ ሰው አዲስ ነገር አይሆንም።

ደራሲው ይህን ሐፍረት ከየት አወቀው?

በ1824 የዲክንስ አባት በዕዳ ማርሻልሲ በተባለ እስር ቤት ታሰሩ። ልጁ 12 ዓመቱ ነበር፤ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ በሳምንት 6 ሺሊንግ እየተከፈለው በዕቃዎቹ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ታዋቂ ከሆነ በኋላ ይህን ለማንም ለማለት ይቻላል አልተናገረም። አገር ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1870 ከሞተ በኋላ፣ ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ነው። የሻካራ እጅን ሐፍረት የጻፈልን ሰው የራሱን ሐፍረት ይዞ ነው የሞተው።

መጨረሻው ለምን ሁለት ሆነ?

ዲክንስ መጀመሪያ የጻፈውን መጨረሻ ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን የተባለ ደራሲ ወዳጁ ስላልወደደው ለወጠው። የታተመው ፒፕንና ኢስቴላን በፈረሰው የሚስ ሃቪሻም ግቢ ያገናኛቸዋል፤ ከእንግዲህም የሚለያዩ አይመስልም። የተጣለውን ፎርስተር አስቀርቶልናል፤ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም።

በተጣለው መጨረሻ ኢስቴላ ከሌላ ሰው ጋር ተጋብታለች። ፒፕ ከውጭ አገር ተመልሶ በለንደን ጎዳና ላይ ይሄዳል፤ ትንሽ ልጅ በእጁ ይዟል። ልጁ የጆ ነው፤ ስሙም በሱ ስም ፒፕ ተብሏል። ኢስቴላ በሠረገላ ስታልፍ ታስጠራዋለች፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የፒፕ ልጅ መስሏት ያንን ቆንጆ ልጅ አንሣልኝና ልሳመው ትለዋለች። ፒፕ የማን ልጅ እንደሆነ አይነግራትም። የቀጥቃጩን ልጅ አንሥቶ ይሰጣታል፤ ትስመዋለች።